የታላቅ ወንድም ጫማ

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የግራ ጫማዬ ታኮ መሀል መንገድ ላይ ተነቅሎ ወደቀ። ታኮውን በእጄ ይዤ፣ አንድ እግሬን እያነከስኩ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሳያየኝ ሚስማር ቤት ልግባ ብዬ ስጣደፍ ነው ይህን ታሪክ ያገኘሁት። ሚስማር የሰፈራችን ጫማ ሠሪ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ሲሠራም ሲያወራም ከከንፈሩ መሀል ሦስት አራት ሚስማር ስለማይጠፋ ሚስማር ተብሎ ቀረ። መሥሪያው የአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወለሏ ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። እኔንም ከፊቴ በፊት በእግሬ ለይቶኝ ኖሮ፣ ገና በሩን ስከፍት «ተቀመጥ፤ አለቃ ይቀድሙሃል» አለኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት እየለቀምኩ ነው የኖርኩት፤ የሠርግ ጥሪ ሲላክልኝ እንኳ መጀመሪያ የማየው ፊደሉን ስለሆነ ብዙ ወዳጅ የለኝም። በእኛ ሥራ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። ሳይታተም የተገኘ በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል። ከታተመ በኋላ የተገኘውን ግን ገጹን ገልጦ እያዩ ከመብሰልሰል በቀር የሚደረግለት ነገር የለም። ያን ቀን ሚስማር ቤት ያየሁት ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

አለቃ በሰፈሩ የታወቁ ሰው ናቸው። የቀያሾች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናቸውም ዛሬም «አለቃ» ነው የሚባሉት። ጡረተኛ የሥራ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው እሑድ እሑድ ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ ይወጣሉ። ከእሳቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አሥራ ሁለት ነበሩ። ጫፉ ላይ በወጣትነታቸው ራሳቸው የተከሉት የቅየሳ ድንጋይ አለ፤ እሱን በእጃቸው ሳይነኩ አይመለሱም። ሌላም ሥርዓት አላቸው። በሥራ ዘመናቸው የመስክ ጫማ በስንት ዓመት አንዴ ስለነበር የሚታደለው፣ ታላቁ አዲስ ሲደርሰው አሮጌውን ለታናሹ ያወርስ ነበር። ታናሹም እንደ ሹመት ነበር የሚቀበለው። ጫማ በየመደብሩ ተደርድሮ በሚሸጥበት በዛሬው ጊዜም ይህን ልማድ አልተዉትም፤ እንዲያውም አጥብቀው ያዙት።

ያን ዕለት ጉልበታቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥንድ ጫማ ይዘው ነበር። ፈተው ለሚስማር ሰጡት። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር፣ ጥቁር፣ ወፍራም ቆዳ ነው። አንደኛው ጎኑ ላይ ጭቃ ደርቆበታል።

«ሶሉ ይቀየርልኝ» አሉ። «ቆዳ በቆዳ። እንደ በፊቱ በሚስማር ይመታ፤ ጎማ የሚባል ነገር እንዳታስጠጋበት።»

«የማን ነው አለቃ?»

«የወንድሜ ነበር። ከዚያ በፊት የእኔ ነበር። ከመጪው እሑድ ጀምሮ የልጁ ነው።»

ሚስማር ከአፉ ሚስማሮቹን አወጣ። ወንድማቸው ከሰባት ወር በፊት ተራራው ላይ ወድቆ መሞቱን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። እኔም ቀብር ላይ ነበርኩ። አለቃ ያን ቀን አላለቀሱም፤ መቃብሩ ቀጥ ብሎ መቆፈር አለመቆፈሩን በዓይናቸው ሲለኩ ነበር። ሰው ደንዳና ናቸው ብሎ አማቸው። እኔ ግን ሰው ኀዘን ሲጠናበት የሚያውቀውን ሥራ እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ብዙም ሳንቆይ በሩ ተከፍቶ የወንድማቸው ልጅ ገባች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ የሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጩን የሥራ ጫማዋን አላወለቀችም። «ጋሼ፣ አስጠበቅኩዎት» አለች። ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ቀና ስትል በሚስማር እጅ ያለውን ጫማ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ወንበር ስቤ ሰጠኋት።

«ነይ ልጄ፣ ለኪው» አሉ አለቃ። «ቢሰፋሽ ግድ የለም፤ ካልሲ ትደርቢበታለሽ።»

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሑድ ከእናንተ ጋር ልወጣ እፈልጋለሁ ያልኩት እውነቴን ነው። በዚህ ጫማ ግን አልወጣም። እናንተም በያዛችሁት ጫማ ባትወጡ ነው የምወደው። እንዲያውም ይህን ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

አለቃ ፈገግ አሉ። የለመዱት ዓይነት ክርክር ነው፤ ወጣት ቀያሾችን ሠላሳ ዓመት በዚህ ፈገግታ ነው ያሰለጠኑት።

«ሥርዓታችን እኮ ነው። ቦታና ጫማ አብሮ ነው የሚተላለፈው። አዲስ ጫማ ምንም አያውቅም፤ እግርሽን ያቆስልሻል፣ ያንሸራትትሻል። ይሄኛው ግን የተራራውን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትወጪ እንኳ ይመራሻል።»

«ጋሼ፣ ጫማ ተራራ አያውቅም። የሚያውቀው ያደረገውን ሰው እግር ነው። እርስዎ አሥር ዓመት ያደረጉት ጫማ በእርስዎ ጣት ልክ ታጥፏል፣ በእርስዎ አረማመድ ተበልቷል። ሌላ ሰው ሲገባበት እንደ እርስዎ ካልሄድክ ብሎ ይታገለዋል። አዲስ ጫማ ያቆስላል ያሉት እውነት ነው። ግን መድኃኒቱ የሰው አሮጌ መዋስ አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ፣ ገበያ ሲወጡ፣ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ማለማመድ ነው።»

«ይህን አገር እኔ በእግሬ ነው የለካሁት» አሉ አለቃ። «በቆዳ ሶል። አንድ ቀን ወልከፍ አላልኩም።»

«ያኔ ሃያ አምስት ዓመትዎ ነበር።»

ሚስማር ሳቁን በሳል ደበቀው። አለቃም ሳቁ፤ ደግነታቸው እዚያ ላይ ነው፣ ጥሩ መልስ ሲሰሙ ይወዳሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክሩ በሰላም ያልቃል ብዬ አሰብኩ። አራሚ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም።

«እሺ» አሉ፣ «ተማሪ ልሁን። ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚያስፈልገው በአንቺ ቤት?»

«መጀመሪያ ልክ የሆነ» አለች። «ጫማ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገዛው፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ተራራ ላይ ደግሞ ይብሳል። ተራራ የሚወጡበትን ካልሲ አድርገው ነው የሚለኩት። ከአውራ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ መቅረት አለበት፤ ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ሲገፋ ጥፍር እንዳይመታ። ተረከዝ ደግሞ ሲራመዱ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። ሶሉ ጎማ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ይሁን፤ ቆዳ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሳሙና ነው። ጥርሱ ካለቀ ጫማው አለቀ ማለት ነው፣ ላዩ ቢያብረቀርቅም። ማሰሪያውን ደግሞ ለቁልቁለት ከላይ ጠበቅ አድርጎ እንደገና ማሰር ነው። ካልሲም ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይዞ ውሃ ያስቋጥራል።»

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ተራራ? እኛ እኮ ጨረቃ ላይ አንወጣም።»

«ሰኞ ጠዋት የእኛን ክፍል አልጋ የሚሞሉት ጨረቃ ላይ የወጡ አይደሉም ጋሼ። እሑድ እንናፈስ ብለው እዚሁ ተራራ ላይ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ ሲወጡ አይደለም የሚወድቁት፤ ሲወርዱ ነው። ደክሟቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሐሳባቸው ቤት ደርሶ።»

እዚህ ላይ ተማርኩ የሚል ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። እኛ የከተማ ሰዎች ለሠርግ ጫማ ስንገዛ ሦስት መደብር እንዞራለን፤ ገደል አፋፍ ለምንቆምበት ግን ከአልጋ ሥር ያገኘነውን አቧራውን አራግፈን እናደርጋለን። ይህን ስጽፍ በራሴ እያፈርኩ ነው፤ የእኔ ታኮ ከወር በፊት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼው ነበር።

ልጅቱ ጫማውን ጨርሳ ወደ ሌላው ገባች። የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ቤት ለሚቀር ሰው ይንገሩ አለች። የሰማዩን ሁኔታ ከዋዜማው ይጠይቁ፤ ጉም ከመጣ ጫፉን ይተዉት፤ የመመለሻ ሰዓት ቆርጠው ይነሡና ሰዓቱ ሲደርስ የትም ቢሆኑ ይመለሱ። ሙቅ ልብስ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ እያንዳንዱ ሰው አንገት ላይ ደግሞ አንድ ፊሽካ።

«ፊሽካ?» አሉ አለቃ። «ኳስ ልናጫውት ነው?»

«ሰው ሲደክም ድምፁ ይጠፋል። ፊሽካ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። የሰማ ሁሉ ሰው ተቸግሯል ይላል።» ከዚያ ቀጠለች። «አንድ ሌላ ነገርም አለ ጋሼ። ከሁሉ ቀርፋፋው ሰው ኋላ መቅረት የለበትም። ፊት ሆኖ እርምጃውን እሱ ይወስን። መጨረሻ ላይ ብርቱ ሰው ይሁን።»

የአለቃ ፈገግታ ጠፋ። «እኛ ወደ ኋላ አናይም» አሉ። «መሪ ወደ ኋላ ካየ ተከታዩ ይልፈሰፈሳል። ኋላ የቀረ ይደርሳል። ሁልጊዜ ይደርስ ነበር።»

ሰባት ወር ሙሉ ሰፈሩ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ወንድማቸው ሲወርዱ በጉም ውስጥ ኋላ ቀረ፤ እነሱ ሥር ደርሰው ጠበቁት፤ አልመጣም፤ ተመልሰው ሲፈልጉት ከመንገዱ ሥር ካለ ጉድባ ውስጥ አሥር ሰዓት ላይ አገኙት። ልጅቱ ያን ጊዜ አባቷን ብትጠራ ክርክሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠራችውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ መሬት መሬት አየች። እኔ በሕይወቴ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ማሸነፍ እየቻለ ዝም ያለ ግን ጥቂት ነው።

የጠሩት ራሳቸው አለቃ ናቸው።

«እንደ አንቺ አነጋገር ወንድሜን የገደለው ጫማ ነው።»

«እንደዚያ አላልኩም ጋሼ።»

«ዙሪያውን እየዞርሽ ነው እንጂ ብለሽዋል። ወንድሜ ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው። ቀኑ ካልደረሰ ሰው በባዶ እግሩም ይወርዳል።» ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «ጫማው ከሆነ የገደለው፣ ጫማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፊሽካ ማጣቱ ከሆነ መሪው እኔ ነኝ። ወደ ኋላ አለማየት ከሆነ ያላየሁት እኔ ነኝ። ይህን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም» አለች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ሰባት ወር ዝም ያልኩት ይህን ላለመናገር ነው። ዛሬ የመጣሁት እሑድ አሥራ አንድ ሽማግሌ ተራራ ስለሚወጣ ነው። እነሱም ልጆች አሏቸው ጋሼ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ አለቃ ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ እሑድም እንደ ወትሮው ይሄዱ ነበር። ያላስቆመው ሚስማር ነው። ሚስማር ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጫማ ከእጁ ሲገባ ከጫማው በቀር ሌላ ነገር አያይም፤ የሰው ፊት ላይ ያለውን ለማንበብ ጊዜ አያገኝም። እኛ ስንነጋገር እሱ ሶሉን እያገላበጠ ነበር።

«አለቃ፣ ይቅርታ» አለ። «እግርዎን እስቲ ወዲህ ያንሡልኝ።»

አለቃ ሳያስቡት እግራቸውን አነሡ። ሚስማር ያደረጉትን ጫማ ሶልና የሟቹን ጫማ ሶል ጎን ለጎን አድርጎ በመስኮቱ ብርሃን አሳየን። ሁለቱም በውጭ በኩል፣ ከተረከዙ ጀምሮ፣ በሰያፍ ተበልተዋል። ቁርጥ አንድ ናቸው።

«ይሄ የእርስዎ አረማመድ ነው» አለ ሚስማር። «እርስዎ ወደ ውጭ ጥለው ነው የሚሄዱት፤ ለምደውታል። ሌላ ሰው ይህን ሲያደርግ ግን እግሩ ወደ ውጭ ይጠመዘዛል፣ ሲቆም እንኳ።»

«አንድ እናት ነው የወለደችን። እሱም እንደ እኔ ነበር የሚሄደው።»

«ይሁን። ቁጥሩ አርባ አራት ነው። የእርስዎ ልክ ነው። የእሳቸውስ፣ ነፍስ ይማር፣ ስንት ነበር?»

«ያው የእኔ ነው» አሉ አለቃ። «የሰጠሁት ቀን ቤቴ ውስጥ አድርጎት ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አለና ‹ልኬ ነው ጋሼ፣ ልክክ ብሎኛል› አለኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ደስ ብሎት ነበር።»

«አባዬ አርባ ሁለት ነበር» አለች ልጅቱ። ድምጿ የሚሰማ አይመስልም ነበር፤ ሁላችንም ግን ሰማነው።

ሚስማር እጁን ጫማው ውስጥ ከተተ። ጣቱ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጉጠቱን አንሥቶ አስገባና እያወዛወዘ ሳበ። የወጣው የካልሲ ቁራጭ ነው፤ ተጠቅልሎ፣ በእግር ተረግጦ ተረግጦ እንደ ካርቶን ጠፍጥፎ ደርቋል። ከሥሩ ሌላ ቁራጭ ወጣ። ከሁለተኛው ጫማም እንዲሁ ሁለት ወጣ። አራቱንም መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ከዚያ የሠራው ነገር ምን እንደሆነ ገና ያን ጊዜ የገባው ይመስል እጁን ሰበሰበ።

አለቃ አንዱን አነሡ። ለረጅም ጊዜ አዩት። በመስኮቱ የሰው እግር እያለፈ፣ እያለፈ ነበር።

«ሦስት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ነው ያደረገው። ለምን አልነገረኝም?»

«ጋሼ ስለሆኑ» አለች።

ታናሽ ወንድም ታላቁ በሁለት እጁ የሰጠውን፣ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ያከበረበትን ነገር፣ ሰፋኝ ብሎ አይመልስም። ይህን አክብሮት ሁላችንም ተምረነዋል፤ ለልጆቻችንም እናስተምራለን። ሰው እየገደለ ስለመሆኑ ግን ማንም አልነገረን። እኔ ያን ቀን ከተማርኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ሶሉን ጎማ ማድረግ ቀላል ነው።

አለቃ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «አሁን ንገሪኝ። ዘመድ ሆነሽ አይደለም፤ ነርስ ሆነሽ ንገሪኝ። እንዴት ወደቀ?»

እኔን አየችኝ። አትንገሪያቸው ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። አለቃ ግን ጠረጴዛውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ሥራ ሲዘገይ እንደሚያደርጉት።

«ቁልቁለቱ ላይ ነው» አለች። «መሬቱ እርጥብ ነበር። ጫማው ሰፊ ስለሆነ እግሩ ወደፊት ይንሸራተታል፣ ተረከዙ ይነሣል። በተበላው በኩል ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውጭ ዞረ። ከመውደቁ በፊት ነው አጥንቱ የተሰበረው፤ ራጁ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ነው ወደ ጉድባው የተንከባለለው።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«ጋሼ ይተዉት።»

«ወዲያው ነው ወይ?»

«አይደለም» አለች። «ጭንቅላቱ አልተጎዳም። ሐኪሞቹ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቷል ነው የሚሉት። ሸሚዙ ርሶ ነበር። ብርዱ ነው።»

«መንገዱ ምን ያህል ይርቀዋል?»

ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ርቀቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። እንደ ቀያሽ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው ብለው ጠየቁ።

«ቅርብ ነው። ድምፁ ግን ከጉድባው አልወጣም።»

«ፊሽካ ቢይዝስ?»

«ይሰማ ነበር» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሚስማር ተነሥቶ ውሃ ቀዳላት።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ እዚህ ቦታ ላይ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ጥንታዊው ሰው ተረታ። ያልተማረው ከተማረው ተማረ። አለቃ «ልክ ነሽ» አሉ፤ በእርግጥ ብለዋል፣ ሁለት ጊዜ ብለዋል። ሲሉት ግን ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ ያን ፊት ለጠላቴ እንኳ አልመኘውም። ቀኑ ደርሶ ነው የሚለውን ነገር ነበር ሰባት ወር ሙሉ ተደግፈው የቆሙት። እኛ ሦስታችን ያን ወስደን በቦታው የሰጠነው ምንም ነገር አልነበረም።

«አንተ አራሚው» አሉኝ፣ «ወረቀት አለህ?»

የሚስማርን የጫማ ካርቶን ክዳን ሰጡኝ። በመሥሪያ ቤት ድምፃቸው፣ ነጥብ በነጥብ፣ ማስጻፍ ጀመሩ። ማንም የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ ተራራ አይወጣም። የሁሉም እግር እዚህ ይለካል፣ ከሰዓት በኋላ። ሲለካ ታላቅ ታናሽ የለም፤ ሰፋኝ፣ ጠበበኝ ማለት ነውር አይደለም። ይህን ሁለት ጊዜ አስጻፉኝ። ጥርሱ ያለቀ ሶል ይጣላል። ፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ነው። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይታያል። ጉም ከታየ ድንጋዩ ይቅር። ፊሽካ የሌለው ሰው ከቤቱ አይነሣ። እያንዳንዱን ሲሉ ትንሽ ይቆዩ ነበር፤ በየመሀሉ ያን ዕለት ምን ይሆን እንደነበር እያሰቡ መሆኑን አውቅ ነበርና ቀና ብዬ አላየሁም። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ገደፍኩ።

«ጫማውን ምን ላድርገው?» አለ ሚስማር።

«ሰንጥቀው። ማንም እንዳያደርገው።»

ሚስማር ቢላዋውን አነሣ። አለቃ ጫማውን በሁለት እጃቸው ያዙለት፤ ወፍራም ቆዳ ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ያን ቀን ታኮዬን ሳላስመታ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ አምስት እሑድ ማንም ተራራ አልወጣም፤ አዲሱ ጫማ በየቤቱ ሲለማመድ ነበር። የሽማግሎቹ ሚስቶች ባሎቻቸው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ እያዩ ሳቁ። ሚስማር ሁሉንም ለካ። ከአሥራ አንዱ ሽማግሎች አምስቱ ዕድሜ ልካቸውን ልካቸው ያልሆነ ጫማ ሲያደርጉ እንደኖሩ ታወቀ፤ አንደኛው የጉልበት ሕመሜ የእርጅና ነው ብሎ ተቀብሎት ኖሮ ሕመሙ በሦስተኛው ሳምንት ቀለል አለው። ልጅቱም የራሷን ቁጥር አርባ ገዛች። የተማረ ምክር የሚያስገኘውን ጥቅም ጻፍ ከተባልኩ እነዚህን እጽፋለሁ፤ ሁሉም እውነት ናቸው።

በስድስተኛው እሑድ ሲወጡ ልሸኛቸው ሄድኩ። አለቃ እስከ ተራራው ሥር መጡ እንጂ አልወጡም። «እኔ እዚህ ሆኜ ሰዓት እይዛለሁ» አሉ። ከመነሣታቸው በፊት እያንዳንዱ ፊት ተንበርክከው ጫማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፣ ማሰሪያውን አጠበቁ፣ ፊሽካውን አስነፉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። አንዱ ጓደኛቸው አፍሮ «አለቃ፣ ልኬ ነው፣ ተነሡ» ቢላቸው «አውልቀህ አሳየኝ» አሉት።

አምስት ሰዓት ላይ ጉሙ ወረደ። ከላይ አንድም ነገር አይታይም ነበር። አለቃ ቆሙ፤ ሰዓታቸውን አላዩም፣ መንገዱን ብቻ ነበር የሚያዩት። ግማሽ ሰዓት እንደቆየን ድምፅ ሰማን፤ ድንጋዩን ሳይነኩ ተመልሰዋል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ከሁሉ ቀርፋፋው ፊት ሆኖ፣ ሌሎቹ በሱ እርምጃ፣ አንድ በአንድ ከጉሙ ወጡ። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ወጣች። ሳቅ ነበር፣ አንዱ በአዲሱ ጫማው እየተኩራራ ነበር።

አለቃ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። አሥራ አንድ። እንደገና ቆጠሩ።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ወርደናል» አለች ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ። «ከኋላዬ ማንም የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

ሰዎቹ እየተጨዋወቱ ወደ መኪናው ሄዱ። እኛም ትንሽ ጠበቅናቸው። አለቃ ግን ወደ ጉሙ የሚገባውን ባዶ መንገድ እያዩ ቆመው ቀሩ፤ ብንጠራቸውም አልዞሩም።